ገውዝ ለወጥ፣ ገውዝ ለፊት፦ አንድ ጥያቄና ያስከተላቸው መልሶች

ጥያቄውን ያነሱት በባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚኖሩ፣ ሁለተኛ ልጃቸውን በቅርቡ የተገላገሉ እናት ናቸው። በእርግዝናቸው ወራት በሁለቱ ጉንጮቻቸውና ከላይኛው ከንፈራቸው በላይ የወጣው ማዲያት ከወሊድ በኋላም አልለቅ ብሏቸዋል። ይህን ያዩ አንዲት ጎረቤታቸው ገውዝ ፈጭተው፣ በወተትና በማር ለውሰው ማታ ማታ ፊታቸውን እንዲቀቡት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ደግሞ ያንኑ ዱቄት በትኩስ ወተት በጥብጠው እንዲጠጡት መክረዋቸዋል። ጠያቂዋ ማወቅ የፈለጉት ገውዝ ማዲያትን በእርግጥ ያጠፋ እንደሆነ፣ ልኩ ምን ያህል እንደሆነና የሚያጠቡትን ልጅ ይጎዳ እንደሆነ ነበር። ክሩ፣ ማለትም በውይይት ገጹ ላይ ከጥያቄው ሥር የተደረደረው የመልሶች ሰንሰለት፣ እየረዘመ ሲሄድ አንዳንዱ ጠቃሚ መልስ ከሥር ተቀብሮ ስለቀረ፣ ያው ጥያቄ ላላቸው ሰዎች ይበጃል ብዬ የተባለውን በየተራው ላስፍረው ወሰንሁ። ጉዳዩ የሰው ፊትና የሰው ጤና ስለሆነ በመሃል የራሴን አስተያየት መጨመሬ አይቀርም።

በመልስ 1 የቀረቡት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው መርቀው፣ አራስ ከሁሉ በፊት ገንፎዋና አጥሚቷ ሊጓደልባት እንደማይገባ አሳስበው፣ ስለ ገውዝ የሚያውቁትን ዘርዝረዋል። በእሳቸው ቤት ገውዝ ከመከለሻ ተለይቶ አያውቅም፤ ከኮረሪማ፣ ከጥምዝ፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር ተወቅጦ ይነፋና ዶሮ ወጡ ሊወጣ ሲል በሦስት ጣት ቆንጠር ተደርጎ ይነሰነስበታል። ሆድ ሲነፋም ከፍሬው ጥቂት ተፈቅፍቆ ሻይ ላይ ጠብ ይደረጋል፤ ከዚያ ያለፈ ሲወሰድ አላዩም። ለፊት ሲቀባ ግን በዘመናቸው እንዳላጋጠማቸው፣ እነሱ የሚያውቁት እርድና ማር እንደነበረ በግልጽ ተናግረዋል። እኒህ እናት ያዩትን ካላዩት ለይተው መናገራቸው ከእሳቸው በኋላ ከመጡት ከብዙዎቻችን የተሻለ ጥንቃቄ ነው።

መልስ 2 በከተማዋ ትልቁ ገበያ ቅመም የሚሸጡ ሴት ጽሑፍ ነው፤ ከክሩ ሁሉ እኔን በጣም ያስተማረኝም ይኸው ነው። ገውዝ አገራችን የምታበቅለው ቅመም ሳይሆን ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሆኑን ካስረዱ በኋላ አመራረጡን አስተምረዋል። ጥሩ ገውዝ በመጠኑ ሲታይ በእጅ ላይ ይከብዳል፤ ገጹ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል የነቀዝ ቀዳዳ የለውም፤ በስለት ጫፍ ሲጫር ቅባቱ ወዲያው ይወዛል፤ ለሁለት ሲሰነጠቅ ውስጡ እንደ እብነ በረድ ቡናማና ነጣ ባለ መስመር የተዥጎረጎረ ነው። ቀሎ የተገኘ፣ ሲጫር ደርቆ የሚፈረፈር ወይም ሻጋታ ሻጋታ የሚል ፍሬ በቅናሽ ቢሰጥም አይገዛም። እሳቸው በተለይ የሚያሳስባቸው አስቀድሞ ተፈጭቶ በላስቲክ የታሸገው ነው፤ ምን እንደተቀላቀለበትና ከተፈጨ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ በዓይን መለየት አይቻልምና ደንበኞቻቸው ፍሬውን ገዝተው በጥሩ መፈቅፈቂያ እቤታቸው እንዲፈቀፍቁ ይመክራሉ። ሻጭ ሆነው ሳለ ትርፍ የሚያመጣውን ዱቄት አትግዙ ማለታቸው ሊመሰገን ይገባል። የሻጋታው ነገርም የጣዕም ብቻ አይደለም። በአግባቡ ሳይደርቅ የቀረ ገውዝ አፍላቶክሲን የተባለውን፣ ጉበትን የሚጎዳ የሻጋታ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከኢንዶኔዢያ በሚገባ ገውዝ ላይ ልዩ ቁጥጥር የጣለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በመልስ 3 የመጡት ወጣት በጣም እርግጠኛ ነበሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ የገውዝ ዱቄት፣ አንድ ማንኪያ ማርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ተደባልቆ ፊት ላይ ለግማሽ ሰዓት ቢቆይ ብጉርም ማዲያትም በአጭር ጊዜ ጥርግ ብሎ እንደሚጠፋ፣ ፊትም እንደሚቀላ ጽፈዋል። ከየት እንዳገኙት ወይም በማን ፊት ላይ እንዳዩት አልገለጹም። ሆኖም ከሁሉ መልስ ይልቅ ብዙ ሰው ምስጋና ያዘነበላቸው ለእሳቸው ነበር። ይህ እስከ አሁን ያሳዝነኛል።

መልስ 4 ወደ ታሪክ ወሰደን። ጸሐፊው የታሪክ መምህር እንደሆኑ ገልጸው፣ የገውዝ ዛፍ ጥንተ መገኛ በዛሬዋ ኢንዶኔዢያ የሚገኙት ጥቃቅኖቹ የባንዳ ደሴቶች መሆናቸውን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ከእነሱ በቀር በሌላ ምድር ይበቅል እንዳልነበረ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1621 የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በያን ፒተርስዞን ኩን መሪነት ደሴቶቹን በኃይል ሲይዝ አብዛኛው ነዋሪ እንዳለቀ ወይም እንደተጋዘ አስታውሰዋል። በ1667 በብሬዳ በተደረገው ስምምነት እንግሊዝ ሩን የተባለችውን የገውዝ ደሴት ለሆላንድ ስትለቅ፣ ቀድሞ የያዘችውን ማንሃተንን ማለትም የዛሬዋን የኒው ዮርክ እምብርት በእጇ አስቀርታለች። ከጊዜ በኋላ ችግኙ ወደ ካሪቢያን ተሻግሮ ግሬናዳ በገውዝ ምርት ስለታወቀች በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ሳይቀር ፍሬው ይታያል።

በመልስ 5 አንድ ሰው ቆጣ ብለው፣ አንዲት አራስ ስለ ፊቷ ስትጠይቅ ስለ ሆላንድና እንግሊዝ ጦርነት መተረክ ምን ይሉታል የሚል ይዘት ያለው ወቀሳ ጣሉ። አነጋገራቸው ከልኩ ያለፈ ነበር። መምህሩ ግን አልተቀየሙም፤ በዚያው ሥር ይቅርታ ጠይቀው ከጥያቄው ጋር የሚገናኘውን አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ ሕዝብ የተፈጀበት ውድ ነገር በመሆኑ በዚያን ዘመን አውሮፓ ውስጥ ገውዝ ወረርሽኝን ሳይቀር ያድናል ተብሎ ይሸጥ እንደነበረ፣ የዋጋ መናር ከመድኃኒትነት ዝና ጋር አብሮ መሄዱን ልብ ማለት እንደሚገባ።

መልስ 6 የክሩን አቅጣጫ ለወጠው። ጸሐፊዋ መልስ 3 ላይ የቀረበውን ያንኑ ቅልቅል ከአንድ ዓመት በፊት በራሳቸው ፊት ላይ የሞከሩ ሴት ናቸው። ጠዋት ለውሰው ተቀቡት፤ ገና ሳይደርቅ ጉንጫቸውን ይቆጠቁጣቸው ጀመር፤ ቁጥቆጣው መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል ተብለው ስለነበር ችለው ቆዩ። ታጥበውት ሲያበቁ ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ ያለ ጃንጥላ፣ በቀትር ፀሐይ ገበያ ወጡ። ማምሻውን ፊታቸው ቀልቶ ጋለ፤ በማግስቱ ግራ ጉንጫቸው ላይ ውኃ ቋጠረ፤ ቁስሉ ሲደርቅና ሲላጥ ከሥሩ የቀረው ቆዳ ቀድሞ ከነበረው ማዲያት የባሰ ጠቆረ። ጥቁረቱ እየሳሳ ለመሄድ ወራት ወስዶበታል፤ እስከ አሁንም ፈጽሞ አልለቀቃቸውም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ዘመድ አዝማድ ፊታቸውን ባየ ቁጥር ምን ቀብተሽ ነው እያለ መጠየቁ እንደነበረ ጽፈዋል። ይህን በአደባባይ መናገር ቀላል አይደለም፤ ለሌላ ሰው ብለው በማካፈላቸው ባለዕዳቸው ነን።

በመልስ 7 በቆዳ ሕክምና ክፍል የሚሠሩ ነርስ ቀርበው ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። ለቆዳችን ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ነው፤ ማዲያት የሚወጣው በእርግዝና ወይም በወሊድ መከላከያ ምክንያት የሚመጣ የሆርሞን ለውጥ፣ የዘር ዝንባሌና የፀሐይ ብርሃን ተጋግዘው ሜላኒን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ሲያነቃቁ ነው። እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ማናቸውም ማቃጠል፣ መፋቅና መቆጣት ራሱ እነዚያን ሕዋሳት ስለሚቀሰቅስ፣ ቆዳውን እያሳመመ ጥቁረት ሊያጠፋ የሚሞክር ነገር ሁሉ ብዙ ጊዜ ጥቁረት ይጨምራል። ገውዝ ከክብደቱ ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ተናኝ ዘይት አለው፤ ይህ ዘይት ሳይበረዝ ወይም በብዛት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሊያስቆጣ ይችላል፤ ሻካራው ዱቄት ደግሞ ሲታሽ ይፍቃል። ሎሚው ከዚያ የባሰ ነው። የእኛው ትንሹ አረንጓዴ ሎሚ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እነዚህ ቆዳ ላይ ሳሉ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳውን እንደ እሳት ያቃጥሉታል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የፀሐይ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ሲታሰብ፣ በመልስ 6 የተተረከው አደጋ ሊደርስ የሚችል ብቻ ሳይሆን የሚጠበቅም ነበር። ነርሷ ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን አንሥተዋል፤ ከገውዝ የሚገኘው ማሴሊግናን የተባለ ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ውስጥ በሕዋሳት ላይ ሲሞከር የሜላኒንን ምርት እንደቀነሰ ታይቷል፤ ነገር ግን ተለይቶ የወጣና የተለካ ንጥረ ነገር በብርጭቆ ሳሕን ላይ ያሳየው ውጤት፣ ገበያ የተገዛ ዱቄት በሰው ፊት ላይ ያንኑ ይሠራል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የነገሩ መንፈስ ተቀየረ። በመልስ 8 አንድ ጸሐፊ ነርሷን የአባቶችን ዕውቀት በመናቅና ለፈረንጅ ቅባት ገበያ በማፈላለግ ከሰሷቸው፤ አያቶቻችን ያለ ሆስፒታል ቆዳቸው እንደ ሐር ሆኖ መኖሩንም ማስረጃ አድርገው አቀረቡ። ነርሷ አንድም የሚሸጥ ነገር ስም አልጠቀሱም፤ ክሱ ከየት እንደመጣ አልገባኝም። ደግሞም የአያቶቻችን ስም የተነሣው ከኢንዶኔዢያ ለሚመጣ ቅመም ነው፤ በመልስ 1 የጻፉት አዛውንት እናት ደግሞ ገውዝ ለፊት ሲቀባ እንዳላዩ አስቀድመው መስክረዋል። አባቶችን የሚያከብር ሰው መጀመሪያ ከጎኑ ያሉትን እናት ቃል ማንበብ ነበረበት።

የተሻለውን መልስ የሰጡት በመልስ 9 የጻፉት ሰው ናቸው። በአብነት ትምህርት ቤት ያደጉና በአካባቢያቸው መድኃኒት አዋቂ ከነበሩ ሰው አጠገብ የኖሩ ሲሆኑ፣ በጣም በጨዋ አነጋገር የኮሶን ነገር አስታወሱ። ኮሶ ለትል የተመሰከረለት የአገር መድኃኒት ነበር፤ ግን ማንም እንዳሻው ዘግኖ አይጠጣውም ነበር፤ መጠኑ፣ የሚጠጣበት ሰዓትና የጠጪው አቅም ይታይ ነበር፤ እርጉዝም አትጠጣውም ነበር፤ ከልኩ ያለፈ ኮሶ ሰው እንደሚጎዳ፣ እንደሚገድልም ሁሉም ያውቅ ስለነበር። ስለዚህ መጠንን መጠየቅና ለእርጉዝና ለአራስ መጠንቀቅ ከሌላ አገር የተቀዳ ሳይሆን የራሳችን የመድኃኒት አዋቂዎች ሥርዓት መሆኑን አስረዱ። የመልስ 8 ጸሐፊ ለዚህ አልመለሱም።

በመልስ 10 አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጠያቂዋ ካነሷቸው ጉዳዮች ብዙዎቻችን የዘነጋነውን የመጠጡን ነገር መለሱን። የማደሪያ ክፍላቸው ተጋሪ በፈተና ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ኖሮ ገውዝ ያስተኛል ሲባል ሰምቶ፣ በሞቀ ወተት ላይ በርከት ያለ ማንኪያ ጨምሮ ጠጣ። ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ምንም ስላልተሰማው አልሠራም ብሎ ደገመው። ሌሊት ላይ አፉ ደርቆ ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ፤ ልቡ እየዘለለ መሞቱ ነው ብሎ ጓደኞቹን ቀሰቀሰ፤ ሲያቅለሸልሸው፣ ግድግዳው ሲርቅና ሲቀርብ እየታየው፣ ተኝቶ የማያርፍ፣ ነቅቶ የማይነቃ ሆኖ አደረ። ሐኪም ቤት ወስደው ክትትል ተደረገለት፤ ሙሉ ለሙሉ ወደ ራሱ የተመለሰው በሁለተኛው ቀን ነው። ፈተናውም አመለጠው።

የመድኃኒት ባለሙያ የሆኑት የመልስ 11 ጸሐፊ ከዚህ ተነሥተው ቁጥሩን አስቀመጡ፤ በወረቀት ተጽፎ ወጥ ቤት ቢለጠፍ የምመኘው ይህ ነው። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ የገውዝ ዱቄት ከ2 ግራም በትንሹ ይበልጣል። የመመረዝ ምልክት በ5 ግራም አካባቢ መታየቱ ተመዝግቧል፤ ይህም ሁለት ማንኪያ ከትንሽ ብቻ ነው፤ ሞላ ሞላ ካለ ሁለቱ ራሱ ይበቃል። አንዱ ፍሬ እንኳ እንደ ትልቅነቱ 5 ግራምና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል። ሰውነት ውስጥ ገብተው አእምሮን የሚያዛቡት በተናኙ ዘይት ውስጥ ያሉት ሚሪስቲሲንና ኤሌሚሲን ናቸው። ምልክቱ ከሦስት እስከ ስምንት ሰዓት ዘግይቶ ስለሚጀምር ብዙዎች እንደዚያ ተማሪ ይደግሙታል፤ ከጀመረ በኋላ ደግሞ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይቆያል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም የሚያደርገው ምልክቱን እያዩ መርዳት ነው። ሞት እምብዛም ያልተለመደ ቢሆንም የልብ ሕመም ላለበትና ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደጋው ይከፋል። የቼክ ተወላጁ ሐኪም ያን ፑርኪንየ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 ሦስት የገውዝ ፍሬ በልቶ የደረሰበትን ሕልም መሰል ድንዛዜ ራሱ መዝግቦታል፤ ስለዚህ ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በወጥና በሻይ ላይ የሚደረገው ቆንጠር ግን ከዚህ ልክ እጅግ ያነሰ በመሆኑ ማንንም ሊያስፈራ አይገባም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከምግብ ቅመምነት አልፈው ለመድኃኒት ብለው እንዳይወስዱት ግን አጥብቀው አስጠንቅቀዋል።

በመልስ 12 አንድ ሰው እንግዲያውስ ገውዝ ለውበትና ለጤና ምንም አይረባም ወይ ብለው ቅር ሲላቸው፣ እኒሁ የመድኃኒት ባለሙያ በመልስ 13 በትዕግሥት መለሱላቸው። የገውዝ ዘይት በፋብሪካ ተለክቶ ሳሙናና ሽቶ ውስጥ ይገባል፤ ብዙዎቻችን ጉንፋን ሲይዘን ደረታችን ላይ የምናሸው ቪክስ ውስጥም አለ። ከፍሬው ተጨምቆ የሚወጣው ጠጣር ቅባት አብዛኛው ትሪሚሪስቲን የተባለ የስብ ዓይነት ነው፤ ከእሱ የሚገኘውን ሚሪስቲክ አሲድ ሊዮን ፕሌይፌር በ1841 ለመጀመሪያ ጊዜ ከገውዝ ለይቶ አውጥቶታል፤ ዛሬ ግን ለቅባትና ለሳሙና የሚውለው በአመዛኙ ከኮኮናትና ከዘንባባ ዘር ዘይት የሚወጣው ነው። ከዚህ አሲድ የሚሠራ አንድ የቅባት ግብዓት የቆዳን ቀዳዳ በመድፈን ስለሚታወቅ፣ ፊታቸው ወዛም የሆነና ብጉር የሚያስቸግራቸው ሰዎች የቅባቱን ጀርባ ሳያነቡ ባይገዙ ይሻላል። ገውዝ በላቦራቶሪ ጥርስን የሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎችን መግታቱም ታይቷል፤ ለጥርስ ሕመም ግን ዩጂኖል በተባለው ሕመም አደንዛዥ ንጥረ ነገር የበለጸገው ቅርንፉድ ነውና ሁለቱን አለማምታታት ይገባል።

ከዚያ ወዲያ ክሩ ጥቂት ባከነ። በመልስ 14 ገውዝ በቡና ይሆን እንደሆነ ተጠየቀ፤ በመልስ 15 አንድ የዘጌ ሰው የዘጌ ቡና ከጤና አዳም በቀር ምንም አያስፈልገውም ብለው በአጭሩ ዘጉት፤ በመልስ 16 ደግሞ አምባዛ ሲጠበስ ገውዝ ሽታውን ይቀንስለት እንደሆነ የጠየቁ ነበሩ፤ ማንም አልመለሰላቸውም። ሆኖም የዘጌው ሰው በዚያው ገብተው ቁም ነገር ይዘው መጡ። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ያልተለመደ በመሆኑ ኑሯቸው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው፤ ሎሚ በፀሐይ ሲለቅሙና ሲጨምቁ የዋሉ ሰዎች እጃቸው ላይ፣ ጭማቂው በወረደበት መስመር ተከትሎ፣ የተቃጠለ የሚመስል ጥቁር ጭረት ሲወጣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አይተዋል። ምክንያቱን ያወቁት የመልስ 7ን ጽሑፍ ሲያነቡ ነው። በሎሚ የሚተዳደር ሰው ሎሚ ፊታችሁ ላይ አታድርጉ ሲል እንደመስማት ያለ ማስረጃ የለም። የመልስ 3 ወጣትም ይህን አንብበው ኖሮ፣ የሰጡትን አሠራር እንዳጠፉት በሁለት መስመር አሳወቁ።

በመልስ 17 ጠያቂዋ ራሳቸው ተመለሱ። ሁሉንም አመስግነው፣ ዱቄቱን ፊታቸው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ በወተት ሞክረውት እንደነበረ፣ እንዳላቃጠላቸው፣ ግን እንደማይደግሙት ገለጹ። ከዚያ ቀጥለው መጀመሪያ ሳይጽፉት የቀሩትን አዲስ ነገር አነሡ። ሕፃኑ ማታ ማታ ሆዱን እየቆረጠው ስለሚያለቅስ ያችው ጎረቤት ከገውዙ ትንሽ በውኃ አሽተው በጣታቸው እንዲያልሱት መክረዋቸዋል፤ ይህንንስ ምን ትላላችሁ አሉ።

ነርሷ በመልስ 18 እስከዚያ ድረስ ያላየንባቸውን ቆራጥነት አሳዩ። ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውኃም ቢሆን እንደማይሰጠው፣ በእሱ ክብደት ለአዋቂ ቆንጠር የሆነው ብዙ እንደሚሆንበት፣ ምን ያህል እንደላሰም ማንም ሊለካው እንደማይችል ጻፉ። ማስታገሻው ካጠቡ በኋላ ትከሻ ላይ አድርጎ ማስገሳት፣ ሆዱን በለዘብታ ማሸት፣ አቅፎ ማንጎራጎር ነው። ትኩሳት፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ደም ያለበት ሰገራ ወይም ጡት እምቢ ማለት ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። በመልስ 19 አንድ አባት እኛም በልጅነታችን ቅቤና ጤና አዳም እየላስን አድገናል ብለው ተቃወሙ። አነጋገራቸው የከረረ ነበር። ያደጉት እዚህ ለመጻፍ ደርሰዋል፤ ያላደጉት ግን ሊጽፉ አይችሉም፤ ስለዚህ በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ከነርሷ ጎን ያለ አንዳች ማመንታት እቆማለሁ። ጎረቤቲቱንም ማንም በክፉ እንዳያያቸው እለምናለሁ፤ አራስ የሚጠይቁ፣ ሌሊት የሚነሡ ሰው ናቸው፤ የመከሩትም ሲነገራቸው የሰሙትን ነው።

ነርሷ ስለ ማዲያቱም ቀሪውን ጨመሩ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ራሱ እየሳሳ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ የወሊድ መከላከያ ሲመረጥም ማዲያት መኖሩን ለባለሙያው መንገር ይጠቅማል። በየሱቁ ፊት ያቀላል ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ቤታሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ስላለባቸው፣ ቆዳን አሳስተው የደም ሥር ያወጣሉ፤ ሜርኩሪው ኩላሊትንም ይጎዳል። ሃይድሮኩዊኖን የተባለው የቆዳ ጥቁረት ማሳሻ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀባም። ለምታጠባ እናት የሚስማማ፣ እንደ አዜላይክ አሲድ ያለ ነገር ስላለ ምርጫውን ለቆዳ ሐኪም መተው ነው፤ ግን የትኛውም መድኃኒት ቢታዘዝ ከፀሐይ መከላከል ካልታከለበት ማዲያቱ ተመልሶ ይመጣል።

ጠያቂዋ በመልስ 20 ለቆዳ ሐኪም ቀጠሮ መያዛቸውን አሳውቀው፣ እስከዚያ ድረስ የሚገዙት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ምን ማሟላት እንዳለበት ጠየቁ። የመድኃኒት ባለሙያው በመልስ 21 እንዲህ ሲሉ ዘርዝረውላቸዋል፤ የመከላከል አቅሙ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት፣ ቢገኝ ደግሞ በአይረን ኦክሳይድ ቡናማ ቀለም የተሰጠው ይመረጣል፤ ማዲያትን የሚያባብሰው የሚታየው ብርሃንም ጭምር ስለሆነ ቀለሙ እሱን ያግዳል። የማብቂያ ቀኑ መታየት አለበት፤ ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ የከረመ አይገዛም። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ተጨምቆ ከመውጣት ሩብ ሰዓት ቀድሞ ይቀባል፤ ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ጃንጥላውም አይቀርም።